የመቆያ ፈቃድ

ሰውየው የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩን የደንበኞቹ ፋይሎች ክምር ላይ ጥሎታል፤ ከበሩ ሆኖ ለሚያየው ሥራ ደክሞት ሸለብ ያደረገው ይመስላል። ጠጋ ስል ግን ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ መሰርጎዱን አየሁ። ደሙ የላይኞቹን ፋይሎች አርሶ ደርቋል።

«አንድ ምት፣» አለ ሐኪማችን ጓንቱን እያወለቀ። «ከኋላው ነው፤ በከባድ ብረት። ትናንት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሳይመሽ።»

ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ሲወርድ ሰንብቶ አሁንም አላባራም። ዝናብ አልወድም። ዝናብ ሲሆን ሰው ቤቱ ይከተታል፤ ቤቱ ሲከተት ይነታረካል፤ ሲነታረክ እኔ እጠራለሁ። የምርመራ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ደመና ባየሁ ቁጥር ስልኬን አያለሁ።

ሟቹ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። ለውጭ አገር ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ ያወጣል፣ ያሳድሳል፣ ያስረዝማል። ደንበኞቹ «ቁልፉ» ይሉት ነበር፤ የማይከፍተው በር የለም ለማለት። ቢሮው አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ናት። ከፊት ጸሐፊዋና የሰነድ ተርጓሚው ይቀመጣሉ፣ ከኋላ እሱ።

«ማን አገኘው?» አልኩ።

«እኔና ተርጓሚው ነን የኔ እመቤት፣» አሉ የሕንፃው ጥበቃ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «ጠዋት ስዞር በበሩ ስር መብራት አየሁ። ባንኳኳ ዝም። ተርጓሚው መጣና ከፈተው፤ እንግዲህ እንደዚህ ሆኖ ቆየን።»

«ተቆልፎ ነበር?»

«ግጥም ብሎ ተዘግቷል እንጂ አልተቆለፈም። ይሄ በር ደግሞ ዝናብ ከጠጣ ሰው አይሰማም። እኔና እሱ ከተኳረፍን ቆይተናል።»

አብሮኝ የሚሠራው ሳጅን ጡረታው ደጅ የደረሰ ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ «ቀስ በቀስ» ነው የሚባለው፤ ሲበላም፣ ሲራመድም፣ ሲጽፍም አይቸኩልም። እኔ በዕድሜው ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ በማዕረጌ አለቃ ይለኛል፤ እንዲህ ተቻችለን እንኖራለን።

«አለቃ፣ እዚህ ነይልኝ እስቲ፣» አለኝ ከኋላ ክፍል ጥግ።

ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ አቧራ ለብሳለች። መሃሏ ላይ ግን የአንድ ጡብ ያህል ቦታ ንጹሕ ነው።

«እዚህ ከባድ ነገር ይቀመጥ ነበር፣» አለ ሳጅኑ። «እንጨቱን ሳይቀር አሰርጉዶታል።»

ተርጓሚውን ጠራሁት። ጥፍሩ የተከረከመ፣ ድምፁ የለሰለሰ ቀጭን ሰው ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ያለቀሰ መሰለኝ።

«የአበባ ማስቀመጫ ነበረች፣» አለኝ። «ተሰብራ የተጣለች ይመስለኛል። ምን የመሰለ ሰው ነበረ መሰለዎት! ለስንቱ ደረሰለት!»

በዚህ መሃል ነፋሱ የውጭውን በር ወዲያና ወዲህ ያማታው ጀመር። ተርጓሚው ሄዶ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ፣ በጉልበቱ ታችኛውን ገፋ አድርጎ ዘጋልን። አመሰገንኩት።

*

ጸሐፊዋ ጉንጯ ዳቦ የጎረሰች ይመስል አብጦ መጣች። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ጥርስ ልታስነቅል ወጥታ አልተመለሰችም፤ የጥርስ ሐኪሙ በኋላ ለሳጅኑ አረጋግጦለታል።

«ጠላት ነበረው?» አልኳት።

«ደንበኞች ነበሩት፣» አለች በጥጥ ውስጥ።

ወደድኳት። «ትናንት ጠዋት ማን መጣ?»

«ልብስ ሰፊው። ጮኸበት። ‹አጠፋኸኝ፣ ከልጄ ለየኸኝ› ይለዋል። ሲናገር እንኳ የማይሰማ ሰው ነው እኮ፤ ሲጮህ ሕመሜ ራሱ ለጊዜው ተወኝ።»

«እስከ መቼ ቆየ?»

«ወዲያው ወጣ። እኔ ስሄድ የቀሩት ቁልፉና ተርጓሚው ብቻ ናቸው።»

ተርጓሚው ግን ከእሷ ብዙም ሳይቆይ መውጣቱን ነገረኝ። ከቀትር በኋላ ፍርድ ቤት አንድ ችሎት ላይ ሊያስተረጉም ተቀጥሮ ነበር። ሳጅኑ ፍርድ ቤቱንም ችሎቱንም በዚያ በሚያማምር ዘገምተኛ ፊደሉ ጻፈ።

*

ልብስ ሰፊው የሚሠራው አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ሱቅ ነው፤ መኪናዎቹ ተደርድረዋል፣ የጨርቅ ብናኝ በአምፖሉ ዙሪያ ይንሳፈፋል። ሲያየን እግሩን ከመርገጫው አነሳ። ፊቱ ላይ መርፌ የለመደ ሰው ትዕግሥት አለ። የዚህ አገር ሰው አይደለም፤ ቃላቱን እንደ ጨርቅ ለክቶ ነው የሚናገረው።

«መሞቱን ሰምቻለሁ፣» አለ።

«ትናንት ጠዋት ጮኸህበታል።»

«ጮኼያለሁ።»

«ለምን?»

ጣቶቹን አያቸው። «ፈቃዴ የልጄ ነው። ልጄ እዚህ ተወልዳ እዚህ ነዋሪ ናት። እኔ የምቆየው የነዋሪ ልጅ አባት ተብዬ ነው። ከእናቷ ጋር ተለያይተናል። ጊዜው ሲያልቅ ማስረዘም አለብኝ፤ ለማስረዘም ደግሞ ልጄን አብሬ እንደማሳድግ ማስመስከር አለብኝ። ከትምህርት ቤት፣ ከክሊኒክ… ሁሉንም አምጥቼ ሰጠሁት። ትናንት ስመጣ ‹የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሐሰተኛ ነው ብለው ከለከሉህ› አለኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ውጣ ተብያለሁ።»

«ሐሰተኛ ነበር?»

«እኔ የሰጠሁት እውነተኛ ነው።»

ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው አልኩ በልቤ። «ትናንት ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛ ሰው ማን ያየዋል?»

«ልጅህንስ መቼ መቼ ታያታለህ?»

«እሁድ፣» አለ ጥያቄዬን ሳልጨርስ። «ፍርድ ቤት የፈቀደልኝ እሁድ ነው። እሁድ ብቻ ነው የማያት።»

ውሸት ስሰማ ጆሮዬ ያሳክከኛል። ያን ቀንም አሳከከኝ፤ የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ከከተማ እንዳይወጣ አስጠንቅቀነው ተመለስን።

*

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ ስገባ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ካፖርቱን ቆልፏል፣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ቦርሳ አስቀምጧል። ሳጅኑ ሲፈትሻት ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ወፍራም ካልሲና ቅያሪ ልብስ አገኘባት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣» አለኝ።

«በምን?»

«በብረት።»

«ብረቱስ?»

«ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።»

ቃሉን ስጽፍ ድምፁ አልተዛነፈም። ፈረመ። ከዚያ ዓይኑን ቀና አድርጎ «ስንት ዓመት ይፈረድብኛል?» አለኝ።

«የዳኛው ነገር ነው። በድንገት ተናድደህ ከሆነ ያንሳል፤ አስበህበት ከሆነ…»

«አስቤበት ነው፣» አለ ፈጠን ብሎ። «ወህኒ ቤቱ ከከተማው ሩቅ ነው?»

«ዳር ላይ ነው። አውቶቡስ ይደርሳል።»

ትከሻው ወረደ። ጸጸት ያደከመው ሰው ሲናዘዝ ቀለል ይለዋልና እንደዚያው ነው ብዬ አለፍኩት። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ብዙ ነገር በገባኝ ነበር።

አለቃዬ ኮማንደሩ እጁን አፋተገ። «አበጀሽ! ሲሳይ ደጅሽ ድረስ ሲመጣልሽ ምን ታመነቻለሽ? ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፊው።»

«ምኑም ልክ አልመሰለኝም ጌታዬ። የሸሸ ገዳይ አይቻለሁ፣ የሚክድ ገዳይ አይቻለሁ። ካልሲ ሸክፎ የመጣ ግን አላየሁም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተይ!»

አልተውኩም። አባቴም እናቴም ግትር ነበሩ፤ ከማን ልማር?

*

ተጠርጣሪው ወንጀሉን መርቶ እንዲያሳይ ወደ ሕንፃው ወሰድነው። ፎቶ አንሺያችን ካሜራውን ደቀነ። ጥበቃው፣ ጸሐፊዋና ተርጓሚው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ተርጓሚው ራሱን እየነቀነቀ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ልብስ ሰፊው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆመና ባዶ እጁን አነሳ። «እዚህ ሆኜ መታሁት።»

ምቱ ያረፈው ከጆሮው ጀርባ፣ ከኋላ ነው። ሳጅኑ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

«ከዚያስ?»

«ወጣሁ። በሩን ዘጋሁ።»

«ዝጋው እስቲ።»

ሳበው፤ በሩ ከመቃኑ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ደግሞ ሳበው፤ ተመለሰ። በትከሻው ገፋው፣ በሁለት እጁ ጎተተው። በመጨረሻ ላብ አጥምቆት ቆመ፤ በሩም የክንድ ያህል ተከፍቶ ቀረ።

«አልኩዎት እኮ፣» አሉኝ ጥበቃው። «ሰው አይሰማም!»

በሩ ግን የሞተው ሰው በተገኘበት ጠዋት ግጥም ብሎ ተዘግቶ ነበር። ዝናብ ባበጠው በር ላይ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ በጉልበቱ የሚገፋ ሰው በዓይኔ መጣ፤ እኔም እንዴት ባለ ትሕትና እንዳመሰገንኩት ትዝ አለኝ። ዞር ስል ተርጓሚው ከንፈሩን መምጠጥ አቁሟል።

በሩን መዝጋት ማወቅ ብቻውን ነፍሰ ገዳይ አያሰኝም፤ ጸሐፊዋም ታውቅበታለች። ሳጅኑን ወደ ፍርድ ቤት ላክሁት። እኔ ደግሞ ሐሰተኛ የተባለውን ደብዳቤ ይዤ ወደ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

*

መምህሯ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ደብዳቤውን ከዓይናቸው አራቁት።

«ይህን እኔ አልጻፍኩትም። እንዴት ያምራል እባክሽ! ደግሞ ደረቅ ማኅተም አለው። ትምህርት ቤታችን ደረቅ ማኅተም ኖሮት አያውቅም።» ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ክቡ ማኅተም ያለ ቀለም ወረቀቱን አሳብጦ ተቀርጿል። እንዲህ የሚቀርጸው መሣሪያ ብረት ነው፤ ቁመቱም ክብደቱም ከጡብ የማይተናነስ።

«እርስዎስ ምንም አልጻፉለትም?»

«ጽፌለታለሁ እንጂ! በእጄ፣ ገጽ ሙሉ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ጠዋት ጠዋት በር ድረስ ያመጣታል፤ ሲያማት መጥቶ ይወስዳታል። ባለፈው ማክሰኞ እንኳን ከሰዓት በኋላ እዚሁ ነበር።»

ጆሮዬ ማሳከኩን ተወ። «ማክሰኞ?»

«ዩኒፎርሟ አጥሯት ተቆጣጣሪዋ ክፍል አትገቢም አለቻት። እናቷ ሥራ ላይ ናት። ሕፃኗ ከእኔ ስልክ ላይ ለአባቷ ደወለች፤ ከምሳ እንደተመለስን መጣ። የስፖርት ልብስ አስለብሰናት እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ቀሚሷን አስረዘመላት። ነገሩ ጊዜ ይፈጃል፤ ተማሪዎቹ ሊወጡ ሲሉ ነው የጨረሰው።»

ልጅቷን አስጠሩልኝ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። ከቀሚሷ ጫፍ ከፍ ብሎ ድሮ ታጥፎ የነበረበት መስመር ይታያል፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ሌላ፣ የደበዘዘ መስመር።

«አባዬ ሲሰፋው ከውስጥ ብዙ ጨርቅ ያጥፋል፣» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ሳድግ ይፈታዋል። ገና ለአንድ ጊዜ የሚሆን ቀርቶኛል ብሏል።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «እትዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ማክሰኞ የእሱ ቀን አይደለም።»

*

ለእናቷ ነገርኳት። ነርስ ናት፤ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች አገኘኋት። ስጀምር ክንዶቿን አጣምራ ነበር የቆመችው።

«በየቀኑ ነው የሚያያት?» አለች።

«በየቀኑ።»

«ዩኒፎርሙን ከገዛሁት ቆየ። ልጅቷ ስታድግ አብሮ የሚያድግ ይመስለኝ ነበር።» ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የሚወጣው የሚወርደው ሰው እየዞራት ያልፋል። «‹ለፈቃዴ አንድ ፊርማ ፈርሚልኝ› ብሎኝ ነበር። ‹አይመለከተኝም› አልኩት። ተናድጄበት ነው እንጂ… በምን እንደተናደድኩ እንኳ አሁን ረስቼዋለሁ።»

አንድ ቀን ስለ ንዴቴ እንደዚህ እንዳልናገር ፈራሁ። «ለልጅቷ ምን ልበላት?» ስትለኝ «አባትሽ ጣቢያ ነው፣ እሁድ ወስጄሽ ትጠይቂዋለሽ በያት፤ እስከዚያ እናጣራለን» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

*

ሳጅኑ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቸኩል አየሁት።

«አለቃ፣ ያ ችሎት አልተሰየመም። ዳኛው ታሞ ሰው ሁሉ ከቀትር በፊት ተበትኗል። የኛ ሰው ደጁንም አልረገጠም።»

ተርጓሚውን ቢሮው ውስጥ ብቻውን አገኘነው። ዕቃውን በካርቶን እየከተተ ነበር።

«ብርድ ገባ፣» አልኩት። «በሩን ዝጋልኝ እስቲ።»

ሄደ፤ እጀታውን ሳብ፣ ጉልበቱን ገፋ። በሩ ገጠመ። እጀታውን ሳይለቅ ጀርባውን እንደሰጠን ቆመ።

«ደረቅ ማኅተሙ የት ነው?» አልኩት።

«የምን ማኅተም?»

«ከአበባ ማስቀመጫዋ ጋር የተጣለው።»

ያ የለሰለሰ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ጣራ ላይ ነው። ውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ።» ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እሱ ነው የጀመረው። ያን ቀን ጠዋት ኢሚግሬሽን ደውለውለታል። የሌሎቹን ደንበኞችም የትምህርት ቤት ደብዳቤ ሊያጣሩ ነው። ‹ከኔ ተደብቀህ የሠራኸው ነው እላለሁ፣ አንተ ትገባለህ› አለኝ። ብዙ ዓመት አብረን ስንሠራ ኖረን! ይህን ብሎኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ጀርባውን ሰጥቶ ፋይሉን ያገላብጥ ገባ። እጄ ላይ የነበረው እሱ ብረት ነው።»

«ልብስ ሰፊው ግን እውነተኛ ደብዳቤ አምጥቶላችሁ ነበር። ለምን ሐሰተኛ ሠራችሁለት?»

ጥያቄው እውነትም የገረመው መሰለ።

«የሱ አያምርማ! በእጅ የተጻፈ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት፣ ስለ ሳልና ስለ ቀሚስ የሚያወራ። ማን ይቀበለዋል ብለን? ለሁሉም ደንበኛ የምንሠራው አንድ ጥሩ ደብዳቤ አለን፤ ስሙን ብቻ ነው የምንለውጠው። የሱን ቀደን ጣልነው። ልንረዳው ብለን ነው።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በሙያ ዘመኑ ሁሉ ቃል ሲቀበል መጻፉን ያቋረጠው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ሰው እድሜ ልኩን ውሸት ሲሸጥ ኖሮ እውነት እጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም፤ ይጥለዋል።

*

ልብስ ሰፊው ማረፊያ ቤት ውስጥ ግድግዳው ስር ተቀምጧል። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ አጠገቡ አኑሯል።

«ነፃ ነህ፣» አልኩት። «ገዳዩ ተይዟል።»

ደስ ይለዋል ብዬ የጠበቅኩ ሞኝ ነኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ ብዬዎታለሁ እኮ።»

«አንተ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የልጅህን ቀሚስ ስትፈታ ነበር። መምህሯ መስክረዋል። ልጅህም ነግራኛለች።»

«ሚጡ ነገረችዎት?» ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው።

«ያኔ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ ማን ይነካህ ነበር? ለምን ተኝቼ ነበር አልከኝ?»

«በሥራ ቀን ትምህርት ቤት መመላለሴን እናቷ ካወቀች እሁድንም ታስከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ።»

«በኋላስ? ያልገደልከውን ሰው ገደልኩ ማለት ምን ይባላል?»

ወደ መስኮቱ ዘንጎች አየ። «ወህኒ ቤት ጠያቂ የሚገባው መቼ ነው?»

«እሁድ።»

«ፍርድ ቤትም የሰጠኝ እሁድን ነው። ምን ይቀርብኛል?» አሁን ቃላቱን መለካቱን ትቷል። «እስረኛ ፍርዱን ሳይጨርስ ከአገር አይባረርም አሉኝ። አሥር ዓመት ቢፈርዱብኝ አሥር ዓመት አያታለሁ። ስወጣ እሷ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ከፈለገችኝ የትም ብሆን ራሷ ትመጣለች። አሁን ከሄድኩ ግን አንድም እሁድ የለኝም። ስምንት ዓመት ላይ የተለያት አባት መልኩ ይጠፋባታል።»

«ነፍሰ ገዳይ አባት ነው ያላት ስትባልስ? ክፍል ውስጥ ልጆች ሲጠቋቆሙባት?»

«አስቤበታለሁ። የታሰረ አባት ይሻላል ወይስ የሌለ? ስመዝን አደርኩ። የታሰረው መዘነብኝ።» እጄን ያዘኝ፤ ጣቶቹ በመርፌ የደነደኑ ናቸው። «ሰውየውን ልቀቁት አላልኩም። አብረን ነው የገደልነው ይበሉ። ማንም አይጎዳም። የፈረምኩትን አይቅደዱብኝ።»

ብዙ ሰው እጄን ይዞ አልቅሷል፤ ፍቺኝ ብሎ ነው። ይኼኛው አትፍቺኝ ነው የሚለው። ያን ዕለት ሥራዬን ጠላሁት፤ ቢሆንም «አልችልም» አልኩት፣ እውነትም አልችልም ነበር።

*

ያልታሰበው ሌላም ነገር መጣ። ፈቃድ የተከለከለ ሰው ከፖሊስ እጅ ሲለቀቅ በቀጥታ ለኢሚግሬሽን ይተላለፋል። እስከ ወሩ መጨረሻ የተሰጠችውም ቀነ ገደብ ቀረች። በገዛ ቃሉ ማረፊያ ቤት ባይገባ ኖሮ ቢያንስ እነዚያ ቀናት ይተርፉት ነበር።

ሮጥኩ። የመምህሯን ቃል፣ እናትየዋ ያን ቀን ደረጃው ላይ የፈረመችልኝን ወረቀት፣ የተርጓሚውን ኑዛዜ ይዤ ኢሚግሬሽን መስኮት ጋ ቀረብኩ። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም በትዕግሥት አነበበው።

«ሐሰተኛ ሰነድ የቀረበለት አመልካች እዚህ ሆኖ እንደገና ማመልከት አይችልም፣» አለኝ። «ከአገሩ ሆኖ ያመልክት።»

«ሐሰተኛውን ያቀረበው እሱ አይደለም! ያቀረበው ሞቷል፣ የሠራው ታስሯል።»

«ልክ ነዎት። ይህንኑ ከአገሩ ሆኖ ይጻፍልን።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ ወረፋው ነው፣» አለና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ።

ዓርብ ዕለት ወሰዱት። ቦርሳውን መልሼ ሰጠሁት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ የለመደበት ሆኖ። እናትየዋን በስልክ ፈለግኳት፤ ፈረቃ ላይ ነበረችና አላነሳችም። ደግሜ መደወል ነበረብኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅኩ ቅዳሜ አለፈ።

እሁድ ጠዋት ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጣቢያ መጡ። ልጅቷ ብርቱካን የሞላ ፌስታል ይዛለች፤ ሹሩባዋ ገና አዲስ ነው። ሳጅኑ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ፤ መልሶም ተቀመጠ።

«አባዬን ልንጠይቅ ነው፣» አለች ልጅቷ።

እናትየዋ ፊቴን አየችና ሁሉም ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ግን ለልጅቷ መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ ውሸትም በዚያ ሰሞን አንገቴ ድረስ ጠግቤ ነበር።

«እዚህ የለም ሚጡ። ምንም እንዳላጠፋ ስለታወቀ ተፈቷል።»

«እሺ የት አለ? ለምን ወደኛ አልመጣም?»

«አገሩ ሄደ። መቆያ ፈቃድ ስለሌለው እዚህ መኖር አይችልም ብለው ወሰዱት።»

«ታስሮ ሳለስ እዚህ መኖር ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር።»

ፌስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ማን ነው የፈታው?»

«እኔ ነኝ።»

አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ትልቅ ሰው የተሳሳተውን በትሕትና እንደሚያርም ልጅ ቀረብ ብላ የእጅጌዬን ጫፍ ያዘች።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «መልሰሽ እሰሪልኝ።»